ከ77 ምስሎች ጀርባ የነበረው የናይሮቢ ልጅ

ውጭ አገር የኖረ ወይም ከፈረንጅ ጋር ኦንላይን ጌም የተጫወተ የኛ ሰው ይህቺን ነገር በደንብ ያውቃታል። ከየት ነህ ይሉታል፤ ከኢትዮጵያ ይላል። ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ስለ ምግብ አንድ ቀልድ ይመጣል። ቀላጁ ምናልባት የ16 ዓመት ልጅ ነው። በ77 ድርቅ ጊዜ እሱም አልተወለደም፣ እኛም አልተወለድንም። ምስሉ ግን ሁላችንንም ቀድሞ ደርሷል።

ያ ምስል ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ካሜራ ተሸክሞ፣ ኮረም ድረስ ሄዶ፣ በንጋት ብርድ ቆሞ የቀረጸው ነው። ስለ 77 ሲወራ የቦብ ጌልዶፍ ስም ይነሳል፣ የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ይነሳል፣ ቢበዛ የቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል በርክ ይነሳል። ካሜራውን ይዞ የነበረውን ሰው የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ሰውየው ፈረንጅ አልነበረም። ከድንበራችን ማዶ የመጣ የናይሮቢ ልጅ ነበር። ስሙ ሞሐመድ አሚን ነው። ወዳጆቹ በአጭሩ ሞ ይሉት ነበር።

አሚን አንድ ክንዱን ያጣው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሕይወቱ ያለፈውም በራሳችን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ስለዚህ ታሪኩ የኬንያ ብቻ ሳይሆን የኛም ነው። ስታነቡት አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ሰው አዋረደን ወይስ አተረፈን?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የግንበኛው ልጅ

ሞሐመድ አሚን ነሐሴ 1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አዎ፣ ዛሬ ብዙ ሶማሌና ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት፣ ናይሮቢ የሄደ ኢትዮጵያዊ የማያጣው ያው ኢስሊ። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ከፑንጃብ ይመዘዛል። እንግሊዞች ምሥራቅ አፍሪካን በሚገዙበት ዘመን ለባቡሩ ሥራና ለንግድ ብለው ወደ ኬንያ የመጡ እስያውያን ብዙ ነበሩ። የሞ አባትም ለባቡር ድርጅቱ በግንበኝነት ይሠሩ ነበር። ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ ገንዘብ ግን የሌለበት ቤት ነበር።

ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ሄደ። ካሜራ እጁ የገባው እዚያ ነው። ቦክስ ብራውኒ የምትባል፣ ሳጥን የምትመስል ያገለገለች ካሜራ ነበረች። ዛሬ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ስልኩን ሲያገኝ የሚሆነውን ሆነ፤ ያየውን ሁሉ ማንሳት ጀመረ። ልዩነቱ ያኔ እያንዳንዷ ፎቶ ፊልም ትበላለች፣ ፊልም ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ሞ ገና በልጅነቱ አንድ ነገር ገባው፤ ፎቶ ካልተሸጠ ቀጣዩን ፊልም መግዛት አይቻልም። የመኪና ውድድር እያነሳ ለጋዜጦች መሸጥ ጀመረ።

ጋዜጠኝነትን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። የተማረው መንገድ ላይ፣ እየሠራ ነው። በ20 ዓመቱ ገደማ ዳሬሰላም ውስጥ ካሜራፒክስ የሚል የራሱን ድርጅት ከፈተ። አንድ ወጣት፣ ጥቂት ዕቃ፣ ብዙ ወኔ፤ በቃ ድርጅቱ ይኸው ነበር። የማንም ቴሌቪዥን ጣቢያ ቅጥር ስላልነበረ ቀርጾ ያመጣውን ለሚገዛው ሁሉ ይሸጣል። ቢሳካ ትርፉ የሱ ነው፣ ባይሳካ ኪሳራውም የሱ ነው። ዛሬ ፍሪላንስ የምንለውን ኑሮ ሞ ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን ኖሮታል።

አሠራሩን ማወቅ ለኋላው ይጠቅማችኋል። ያኔ ቪዲዮ በቴሌግራም አይላክም። የተቀረጸው ፊልም በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይሄዳል። እዚያ ቪዝኒውስ የሚባል የዜና ፊልም ድርጅት ተቀብሎ በዓለም ዙሪያ ላሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያከፋፍለዋል። ሞ ለቪዝኒውስ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ይህ ማለት አንድ ናይሮቢ ያለ ሰው የቀረጸው ነገር በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ አገሮች ሊታይ ይችላል ማለት ነው። አብዛኛው ተመልካች ግን ማን እንደቀረጸው አያውቅም።

ዛንዚባር፣ እስር ቤት፣ ናይሮቢ

ጥር 1956 ዓ.ም. ዛንዚባር ላይ አብዮት ፈነዳ፤ ሱልጣኑ ተገለበጡ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ሞ ካሜራውን ይዞ ገባ። ያን ደም ያፋሰሰ ሰሞን የቀረጸው ፊልም በውጭ ዓለም ስሙን አስጠራው። የዛንዚባር ሰዎች ግን ይህን ልጅ አልረሱትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ገደማ ተመልሶ ሄዶ የምሥራቁ ጎራ አገሮች የዛንዚባርን ወታደሮች ሲያሠለጥኑ ቀርጿል ተብሎ ተያዘ። አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ታሰረ፣ ተደበደበ፣ ተሰቃየ። ሲወጣ ሰውነቱ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ናይሮቢ ተመልሶ ካሜራፒክስን እዚያ ተከለ።

ሰኔ 28፣ 1961 ዓ.ም. የኬንያ ሚኒስትርና ብዙዎች የነገው መሪ የሚሏቸው ቶም ምቦያ ናይሮቢ መሀል ከተማ ላይ ከፋርማሲ ሲወጡ በጥይት ተመቱ። ሞ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። አምቡላንሱ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻ ደቂቃዎቻቸውን ቀረጸ። በዚያ ሥራው በእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ተብሎ ተሸለመ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። እየሞተ ያለ ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደገን ልክ ነው? ይህ ጥያቄ ሞን ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። በኛም አገር አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚወጣው ስልክ ስለሆነ ጥያቄው ለኛም እንግዳ አይደለም። የሱን መልስ በሥራው ነው የምናየው። ነገሩ ካልተቀረጸ ነገ አልሆነም ይባላል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይቀርጽ ነበር።

በቀጣዮቹ ዓመታት የኡጋንዳውን ኢዲ አሚን አነሳስና አወዳደቅ ተከታትሏል (ስማቸው ተመሳስሎ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም)። የመካን ሐጅ ቀርጿል፣ መጽሐፍም አሳትሞበታል። ከቱርካና ሐይቅ ዙሪያ የሰው ዘር መገኛን የሚያሳይ ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ አውጥቷል። እንቅልፍ የማይወድ፣ ለሠራተኞቹ ፋታ የማይሰጥ፣ ቤቱ እምብዛም የማይገኝ ሰው ነበር። አንድ ልጅ አለው፣ ሳሊም ይባላል። አባቱን ከቤት ይልቅ በሥራው ያወቀ ልጅ ነው።

አንድ ፊልም የጣለው ዘውድ

ወደ ኮረም ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ወደ ኋላ ሄደን እንይ። ካለዚያ ደርግ ካሜራን ለምን ያን ያህል እንደፈራ አይገባንም።

በ1965 እና 66 ወሎ ላይ ረሃብ ገባ። የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። ጥቅምት 1966 ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ከአንድ ዓመት ግድም በኋላ ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ቀኑ መስከረም 1፣ 1967 ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ የረሃብ ፊልም ዘውድ ሲጥል በዓይኑ ያየ፣ ፊልሙንም ራሱ የተጠቀመበት መንግሥት ነው አሥር ዓመት ቆይቶ ራሱ ረሃብ የገጠመው። ስለ ካሜራ ጉልበት ደርግን የሚያስተምረው አልነበረም።

በ1976 ዝናቡ ጠፋ። የወሎ፣ የትግራይና የሌሎችም አካባቢዎች ሕዝብ የዘራውን አጣ። በዚያ ላይ ሰሜኑ የጦር ሜዳ ነበር፤ መንገድ ተዘግቷል፣ ገበያ ፈርሷል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋው መምጣቱን ተናግሮ በ1976 አጋማሽ ለለጋሽ አገሮች ጥሪ አቅርቧል። ለጋሾቹ ግን አልቸኮሉም። በአገር ቤት ደግሞ መንግሥት ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራ፣ በቅስትና በመብራት ታሸበርቃለች። መስከረም 1977 ላይ በዓሉ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በዚያው ሰሞን ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን መሄድ አይፈቀድለትም ነበር። ሰው ግን በየመንገዱ ይሞት ነበር።

ኮረም

ሞ በዚያ ጊዜ የ41 ዓመት ጎልማሳ ነው። ለኢትዮጵያም እንግዳ አልነበረም። የሱ ትልቁ ችሎታ ካሜራ ብቻ ሳይሆን በር ማስከፈትም ነበር። ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት፣ መቼ መጨቅጨቅ እንዳለበት ያውቃል። አፍሪካዊ በመሆኑ አንድ ከለንደን የመጣ ጋዜጠኛ የማይገባው የቢሮ ቋንቋ ይገባዋል። ከበዓሉ በኋላ ለራሱና ለቢቢሲ ባልደረቦቹ ወደ ሰሜን የመሄጃ ፈቃድ አገኘ።

ጥቅምት 1977 ላይ መቀሌና ኮረም ገቡ። በወቅቱ አጠራር ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም ዳርቻ ሜዳ ላይ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኮረም ደጋ ናት፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብዙው ሰው የለበሰው ቡቱቶ ነው። ካሜራው የደረሰው ጎህ ሲቀድ ነበር። ጭጋጉ መሬቱን ሸፍኖታል፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ይነሳሉ፣ የማይነሱም አሉ። በሌሊት የሞቱት በጨርቅ ተጠቅልለው በመደዳ ተጋድመዋል። ካሜራው አይሮጥም። ቀስ እያለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይሄዳል። እናት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፤ ያለ ችኮላ።

ሞ ከዚያ በፊት ጦርነትም፣ ሬሳም፣ እስር ቤትም ያየ ሰው ነው። የኮረሙ ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ሆነበት። ከዚያ በኋላ የነበረው ሕይወቱ ሲታይ ከኮረም በፊትና ከኮረም በኋላ ተብሎ ይከፈላል።

ፊልሙ ወደ ለንደን ሄደ። ጥቅምት 13፣ 1977 በማይክል በርክ ትረካ ቢቢሲ ላይ ተላለፈ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ኤንቢሲ አሳየው። ከዚያ ያ የቪዝኒውስ ሰንሰለት ሥራውን ሠራ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስተላለፉት። ወደ 470 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳየው ይገመታል። ያኔ ፌስቡክ የለም፣ ቲክቶክ የለም፣ ሼር የሚባል ነገር የለም። አንድ ቪዲዮ መላውን ዓለም ሲያዳርስ የታየበት አንዱ የመጀመሪያ ጊዜ ይኸው ነው።

ካየው ሰው አንዱ የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝ ዘፋኞች ያወጡት የገና ዘፈን ገበያውን ተቆጣጠረ። በየካቲት መጨረሻ አሜሪካውያኑ የራሳቸውን አወጡ፣ ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ የጻፉትን። ሐምሌ 6፣ 1977 ላይቭ ኤድ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ። ገንዘብ በብዙ ሚሊዮን ተሰበሰበ። ከዚያ የሚበልጠው ግን መንግሥታት ሳይወዱ በግድ መንቀሳቀሳቸው ነው። የእህል መርከብ መጣ፣ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር እህል ጫነ። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ብዛት እንደ አጥኚው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይባላል። እርዳታው ባይደርስ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህ በላይ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

የምስሉ ዕዳ

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብጨርሰው ቀላል ይሆን ነበር፤ ጀግና፣ ካሜራ፣ የተረፈ ሕዝብ፣ ጭብጨባ። ግን እውነቱ እንደሱ አያልቅም።

ምስሉ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እዚያው የዓለም ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። ኢትዮጵያ ማለት ያ ሜዳ ሆነች። ገናን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ያከበረች አገር፣ ላሊበላ ከኮረም ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ፣ ሰዎቿ በዓሉ መድረሱን እንኳ የማያውቁ ተደርገው ተዘፈነላቸው። ስለ ድርቁ ሁሉም አወቀ፤ ስለ ጦርነቱ፣ ስለተዘጋው መንገድ፣ በግድ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ስለተጫነው ሰፋሪ ያወቀው ግን ጥቂት ነው። ሰማዩ ተወቀሰ፣ ሰው ግን ሳይወቀስ አለፈ። በካሜራው ፊት ያለፉት ሰዎች ፊታቸው ዓለምን ሲዞር ስማቸው አብሯቸው አልዞረም። እናንተም እኔም ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን አናውቅም።

ታዲያ ጥፋቱ የሞ ነው? ይህን ሳስብ የምመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው። ረሃቡን ሞ አላመጣውም። የደበቀው ሌላ ነው፣ ጥሪ ተደርጎለት የዘገየው ሌላ ነው። ካሜራው ያፈረሰው ዝምታውን ነው። ያ ሜዳ ሳይቀረጽ ቢቀር ኖሮ እኛ ዛሬ ከቀልድ እንድን ነበር፣ እነዚያ ሰዎች ግን አይተርፉም ነበር። ከኛ ውስጥ እናቱ ወይም አባቱ በዚያ እህል የተረፉለት ስንት ሰው እንዳለ አስቡት። ወሎና ትግራይ ሄዳችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ ሰባ ሰባት ሲባል ድምፃቸው ይለወጣል። ለነሱ ነገሩ የስም ጉዳይ አይደለም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሞ ከ77 በኋላ ኢትዮጵያን በረሃብ ብቻ ሸጦ አልሄደም። በአፍሪካ ስላለው ድርቅና ረሃብ ማዘር ተሬዛ ያሉበትን ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው የኢትዮጵያ ፊት ዞረ። ካሜራፒክስ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ተራራዋን፣ አብያተ ክርስቲያናቷን፣ መስጊዶቿን፣ ሕዝቧን የሚያሳይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞች ወንበራቸው ኪስ ውስጥ የሚያገኟትን ሰላምታ መጽሔትንም የሚያዘጋጀው የሞ ድርጅት ነበር። ኢትዮጵያን በረሃብ ያሳወቀው እጅ ውበቷንም ሲያሳይ ኖሯል። ዓለም ያስታወሰው ግን አንዱን ብቻ ነው።

እጁ የቀረበት ከተማ

ግንቦት 20፣ 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ሞም ከተማው ውስጥ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ከመንጋቱ በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ የጦር መሣሪያ መጋዘን ፈነዳ። ያኔ አዲስ አበባ የነበረ ወላጅ ያላችሁ ጠይቁ፤ ቤቱ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ይነግሯችኋል። ሰው ከፍንዳታው ይሸሻል፣ ሞና ባልደረቦቹ ደግሞ ወደ ፍንዳታው ይሄዳሉ። ማይክል በርክም አብሯቸው ነበር።

እየቀረጹ ሳለ ሌላ ፍንዳታ መጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። እሱም ኬንያዊ ነበር። የሞ ግራ ክንድ ተጎዳ፣ ሊድንም አልቻለም፤ ተቆረጠ።

ለካሜራ ባለሙያ እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ዕድሜው 47 ነበር። ስም አለው፣ ድርጅት አለው፣ ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን አሜሪካ ሄዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጠመ። ካሜራው ከዚያ ክንድ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ተስተካከለለት፣ በወራት ውስጥም ወደ ሥራው ተመለሰ። ወደ ኢትዮጵያም ተመላለሰ፤ እጁን በወሰደችበት አገር አልተቀየመም።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14፣ 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ሞ አዲስ አበባ የነበረበትን ሥራ ጨርሶ ወደ ናይሮቢ ቤቱ ለመሄድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። ለብዙ ዓመታት መጽሐፎቹን አብሮት የሠራው ጸሐፊ ብራያን ቴትሊም አብሮት ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ነው፤ ውስጡ 175 ሰው አለ።

ከተነሱ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። ብዙ ነን፣ ቦምብ አለን አሉ። አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው ድርቅ አሉ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ነገሯቸው። ጠላፊዎቹ አላመኑም። ማስረጃ ብለው ያወጡት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአየር መንገዱን መጽሔት። አውሮፕላኑ እስከ 11 ሰዓት ያህል ያለ ማቋረጥ መብረር እንደሚችል ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ይችላል አሉ። አውሮፕላኑ መቻሉ ሌላ፣ ያን ቀን የተሞላለት ነዳጅ ሌላ መሆኑን ሊሰሙ አልፈለጉም። መጽሔቷ የሞ ድርጅት የሚያዘጋጃት ያቺው ሰላምታ ነበረች።

ካፒቴን ልዑል የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው በረሩ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ጠለፋ የገጠማቸው ሰው ናቸው፤ ሰው ለማትረፍ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ተጠጉ። አንዱ ሞተር ጠፋ፣ ሌላውም ተከተለ።

ሞ በነዚያ ሰዓታት ወንበሩ ላይ ተጣብቆ አልቀረም። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደመሰከሩት ተነስቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲነጋገር፣ ሊያግባባቸው ሲሞክር ታይቷል። መጨረሻ ላይም ቆሞ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በር ሲያስከፍት የኖረ ሰው የመጨረሻውንም በር አንኳኳ። ያኛው ግን አልተከፈተም።

አውሮፕላኑ በግራንድ ኮሞር ደሴት፣ መዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ አረፈና ተሰባበረ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ጠላፊዎች ጭምር። 50 ሰው ተረፈ። ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ከተረፉት ውስጥ ናቸው። ሞሐመድ አሚንና ብራያን ቴትሊ አልተረፉም። ሞ ዕድሜው 53 ነበር።

አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ሲወድቅ የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የቀረጹት ባሕር ዳር የነበሩ ለጫጉላ የሄዱ ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ስንቱን የሌላ ሰው የመጨረሻ ሰዓት የቀረጸው ሰው የራሱ የመጨረሻ ሰዓት እንዲህ ሳያስበው በሌላ ሰው ካሜራ ተያዘ።

ለኛ የቀረው

ልጁ ሳሊም ካሜራፒክስን ተረከበ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ስለ አባቱና ስለ ራሱ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ፊልሙ የዓለምን ሞ ብቻ ሳይሆን ቤት የማይገኘውን አባትም ያሳያል። የሞ ሥራ ያስከፈለው ዋጋ የሱን ክንድና ሕይወት ብቻ አልነበረም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ። አዋረደን ወይስ አተረፈን? እኔ መልሴን ብናገር፣ አተረፈን ባይ ነኝ። ውርደቱ የመጣው ከካሜራው አይደለም። ሰው እየሞተ ባንዲራ መስቀል ነው ውርደት። ማስጠንቀቂያ ሰምቶ መዘግየት ነው ውርደት። ምስሉ በስማችን ላይ የተለጠፈው ዓለም ከሞ ሥራ ውስጥ አንዱን ገጽ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ስለዘጋው ነው።

ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ሞ ከነበረው የተሻለ ካሜራ አለ። ፈቃድ ለመለመን ቢሮ መዞር፣ ፊልም በአውሮፕላን መላክ የለም። አንድ ክፉ ነገር ስናይ መቅረጽ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከኮረም የምንማረው ይህን ነው። ግን ሌላም ትምህርት አለ። ፊቱን የምንቀርጸው ሰው ስም አለው። የመጣበት ቦታ፣ ለዚያ ያበቃው ምክንያት አለው። ፊቱን ብቻ ወስደን ከሄድን አርባ ዓመት ሙሉ ስም አልባ ሆኖ ይዞራል።

ቀጣዩ ቀላጅ ስለ ምግብ ሲቀልድ እንግዲህ የምትነግሩት ታሪክ አላችሁ። ከኢስሊ ጀምሩለት።